ቡናው የሚቆላበት ብረት ለልጁም ወጥ ይገባዋል

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ስለ ሹማምንት ሲነገር ያስኬዳል። ገበያ ይዘነው ስንወጣ ግን ይጎዳናል፤ ድስት የምንገዛው በዚያው መንፈስ ነውና። ዕቃ ምንጊዜም ዕቃ ነው፣ ወጥ የሚያምረው በባለሙያዋ እጅ ነው፣ ድስቱ ቀለል ይበል፣ ያብረቅርቅ፣ ዋጋው ይርከስ እንጂ ከምን ቢሠራ ምን ቸገረን እንላለን። የምከራከረው ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ነው። ጉልቻው ላይ የሚጣደው ዕቃ የተሠራበት ነገር በጥቂት በጥቂቱ ወጡ ውስጥ ይገባል፤ ከወጡም ወጡን የሚበላው ልጅ ደም ውስጥ። በደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከኩታበር እስከ መካነ ሰላም ባለው አገር፣ ድስት የምትመርጥ እናት ስለ ልጆቿ ጤና እየወሰነች ነው። ይህን ግን እስከ ዛሬ የነገራት ሰው የለም ማለት ይቻላል።

በአንድ የኩታበር ቤት ወጥ ቤት ያለውን እንይ። እንጀራው በሸክላ ምጣድ ይጋገራል፣ አክንባሎው ከላዩ ነው። ቡናው በሸክላ ጀበና ይፈላል። ወጡ፣ ገንፎው፣ ንፍሮው፣ የሕፃኑ አጥሚት የሚሠራው በአሉሚኒየም ድስት ነው፤ ለድግስ የሚወጣው ሰታቴም እንዲሁ። እውነተኛ ብረት በአብዛኛው ቤት የሚገኘው በአንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ቡናው በሚቆላበት፣ ቆሎው በሚታመስበት ምጣድ። እሱም ጠቁሮ ጥግ ላይ ይቆማል፣ ሥራው ሲያበቃ ማንም አያስበውም። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ልጅ ካለች ደግሞ ከሳዑዲ የመጣው የማያጣብቅ መጥበሻ ቡፌው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ተደርድሮ ለእንግዳ ይታያል። የዕቃው ማዕረግ ከዚህ ይነበባል፤ የሚያበራው ከላይ፣ ጥቁሩ ከታች።

ማዕረጉ ተገልብጧል እላለሁ። ለዚህ የማቀርበው ማስረጃ ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 ላንሴት የተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት አብዱልአዚዝ አዲሽና ባልደረቦቹ በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በትግራይ፣ ያካሄዱትን ጥናት አወጣ። ከየቤቱ አንድ ልጅ ተመርጦ 407 ልጆች ተካተቱ። ቤተሰቦቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉና ከፊሎቹ የብረት ድስት፣ ከፊሎቹ የአሉሚኒየም ድስት ተሰጣቸው። የተለወጠው ድስቱ ብቻ ነው። ያው እናት፣ ያው ማጀት፣ ያው ምግብ። ከአንድ ዓመት በኋላ ደማቸው ሲመረመር፣ በብረት ድስት የበሉት ልጆች የሄሞግሎቢን መጠን በአማካይ በ1.7 ግራም በዴሲሊትር ጨምሮ ተገኘ። በአሉሚኒየም ድስት የበሉት የጨመሩት 0.4 ብቻ ነው። የብረት ድስቶቹ ልጆች በቁመትም 0.6 ሴንቲሜትር ያህል በልጠው አደጉ። በክብደት ግን ያን ያህል የጎላ ልዩነት አልታየም።

1.3 ግራም ልዩነት ለማያውቀው ትንሽ ይመስላል። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ደሙ አንሷል የሚባለው ሄሞግሎቢኑ ከ11 ግራም በታች ሲወርድ ነው። 10 ላይ ያለ ልጅ 1.3 ሲጨመርለት መስመሩን ይሻገራል። በክኒን ወይም በመርፌ የተገኘ ለውጥ ቢሆን ኖሮ በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ነበር። ድስት ስለሆነ ግን ዝም ተባለ። ጥናቱ በአገራችን መሬት፣ በአገራችን ልጆች ላይ ተሠርቶ፣ በዓለም ላይ ስለ ብረት ድስት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ሆኖ ሳለ፣ ከተሠራበት አካባቢ ብዙ ሳይርቅ ያለው የወሎ ገበሬ ሚስት ወሬውን ሳትሰማ ሃያ አምስት ዓመት አለፈ። በዚህ እቆጫለሁ።

አሁን ተከራካሪዬ የሚያነሣውን ልመልስ። መጀመሪያ የሚመጣው ጤፍ ነው። «ጤፍ ብረት ሞልቶታል፣ ኢትዮጵያዊ የብረት እጥረት አያውቀውም» የሚል እምነት ለረጅም ጊዜ ሲዞር ኖሯል። በጤፍ ውስጥ የሚለካው ብረት ብዙ መሆኑ እውነት ነው፤ ከብዛቱ ግን ብዙው አውድማ ላይ በሬ ሲያበራየው ከአፈሩ የተቀላቀለ ነው። የአፈር ብረት ደግሞ ሆድ ገብቶ ይወጣል እንጂ ሰውነት እምብዛም አይወስደውም። ኩታበር ደጋ ነው፣ ማሳው ይበልጥ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ነው፤ ስለዚህ የጤፉ መከራከሪያ ከመጀመሪያውም እዚህ ሥር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከ6 ወር እስከ 59 ወር ካሉት ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከመቶ ሕፃን ሃምሳ ሰባቱ ደሙ ያነሰበት አገር ጤፉ ይበቃኛል ብሎ ሊቀመጥ አይችልም።

ቀጥሎ «የደም ማነስ የጤና ጣቢያ ጉዳይ ነው፣ እርጉዝ ሴት የብረት ክኒን ይሰጣታል» የሚለው ይመጣል። ይሰጣታል፤ መውሰድም አለባት፣ ማንም ድስት አለኝ ብላ ክኒኗን እንዳትተው። ነገር ግን በዚያው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመጨረሻ እርግዝናቸው ክኒኑን ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት እናቶች ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ክኒኑ ያልቃል፣ ሆድ ያማል፣ ዘመድ «ልጁን ያገዝፈዋል» ብሎ ያስፈራራል። በፋብሪካ ዱቄት ላይ ብረት መጨመርም ጥሩ ሥራ ነው፤ ገብሱን ከጎተራው አውጥቶ ቀበሌው ወፍጮ ቤት የሚያስፈጨውን ቤተሰብ ግን አይደርሰውም። ድስት ግን በየቀኑ ይጣዳል። ማንም አስታዋሽ ሳያስፈልገው፣ ለእርጉዟም ላልወለደችውም፣ ለሕፃኑም ለአያቱም በአንድ ጊዜ ያበስላል። ክኒን ለማይደርስበት ቤት ከዚህ የቀረበ መንገድ አላውቅም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከሳይንሱ ከራሱ የሚነሣ ነው፤ ልሸሸው አልፈልግም። የትግራዩን ጥናት ያካሄዱት እነዚያው ተመራማሪዎች የአገራችንን ወጦች በላቦራቶሪ በብረት፣ በአሉሚኒየምና በሸክላ ድስት እያበሰሉ ሲለኩ፣ በብረት ድስት የተሠራው ምግብ በጠቅላላ የብረት መጠኑ በልጦ ተገኘ፤ ሰውነት ሊወስደው በሚችለው የብረት መጠንም እንዲሁ፣ ከጥራጥሬ በቀር። በጥራጥሬ ወጥ ሰውነት ሊወስደው የሚችለው ብረት በየትኛውም ድስት ቢሠራ ልዩነት አላሳየም። የደጋው ሰው የዘወትር ምግብ ደግሞ የባቄላና የአተር ሽሮ፣ ክክና ንፍሮ ነው። ሥጋ ለበዓል ነው፤ ለክርስቲያኑ ለፋሲካ፣ ለሙስሊሙ ለአረፋ። ታዲያ ብረት ድስቱ ምን ይፈይዳል?

መልሴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ላቦራቶሪው ወጥን በወጥ ነጥሎ ለካ፤ ቤቱ ግን እንዲያ አይበላም። የትግራይ ልጆችም የሚበሉት ጥራጥሬ የማይለየውን የአገራቸውን ምግብ ነበር፤ ደማቸው ግን በዓመቱ ተሻሽሎ ታየ። ሁለተኛው፣ ጥራጥሬው ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረቱን አስሮ የሚይዝበትን ጉልበት መቀነስ በእጃችን ነው። እርሾ ይቀንሰዋል፤ ባቄላውን ዘፍዝፎ ማብቀልም ይቀንሰዋል። ጎመኑ ላይ የሎሚ ጠብታ፣ ክኩ አጠገብ የቲማቲም ስልስ ሲጨመር ሰውነት ብረቱን መውሰድ ይቀለዋል፤ ሁለቱም ኮምጠጥ የሚሉ ስለሆኑ ከድስቱም ብዙ ብረት ያወጣሉ። እዚህ ላይ ወሎዬ የሆነ ሁሉ የማይወደውን እናገራለሁ፤ ምግብ እንደ ተበላ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረቱን ከሆድ ሳይወሰድ ያስቀረዋል። ቡናችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይሁን፤ ግን ከምሳው ጥቂት ይራቅ፣ ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ከነጭራሹ አይሰጥ።

የማላዊንም ልጥቀስ። እዚያ ብረት ድስት የተሰጣቸው ቤተሰቦች ከጊዜ በኋላ መጠቀሙን እየተዉ ሄዱ። ከበዳቸው፣ ዛገባቸው። በካምቦዲያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዓሣ ቅርጽ የተሠራ ትንሽ ብረት ሾርባ ውስጥ አብሮ እንዲፈላ ታስቦ በዓለም ተወራለት፤ በኋላ በ2017 የወጣ ሰፊ ሙከራ ጥቅም አላገኘበትም። ዋናው ምክንያት በዚያ አገር የደም ማነሱ ከብረት እጥረት ይልቅ በዘር ከሚወረስ የሄሞግሎቢን ልዩነት የሚመጣ መሆኑ ነው። በእኛም አገር የደም ማነስ ሁሉ ከብረት እጥረት አይመጣም፤ ወባ አለ፣ ደም የሚመጥ የአንጀት ትል አለ። ቢሆንም ኩታበር ደጋ ነው፣ ወባው የቆላውን ያህል አይበረታም፣ ጥራጥሬና እህል ብቻ የሚበላ ቤት ብረት እንደሚያንሰው የታወቀ ነው። ከማላዊ የምንማረው ድስቱ የማይጠቅም መሆኑን አይደለም፤ ለማያውቀው ሰው ዕቃ ጥሎ መሄድ እንደማይበቃ ነው። እኛ ግን ዕቃውን እናውቀዋለን።

እንዴት እንደምናውቀው ልናገር። ብረት ድስት የሚያስቸግረው አዲስ ሲሆን ምግብ የሚይዝ፣ ውሃ ሲነካው የሚዝግ ስለሆነ ነው ይባላል፤ መፍትሔውም በቅባት እየለቀለቁ በእሳት ደጋግሞ ማሟሸት ነው። ይህ ለፈረንጅ ወጥ ቤት አዲስ ትምህርት ሊሆን ይችላል። የወሎ ሴት ግን አዲስ ምጣድ ገዝታ ሳታሟሽ እንጀራ ጋግራ አታውቅም። የጎመንዘሩን ፍሬ አድቅቃ፣ በማሰሻ ጨርቅ እያሰሰች፣ ምጣዱ ጠቁሮና ለስልሶ እንጀራው ራሱ እስኪነሣ ድረስ ትታገሠዋለች። በብረቱም ላይ የሚሆነው ያው ነው፤ የጎመንዘር ወይም የተልባ ዘይት በኃይለኛ ሙቀት ደርቆ፣ ጠንክሮ፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የማያስይዝ ጥቁር ገጽ ይሠራል። ተልባ ደግሞ የደጋችን አዝመራ ነው። በውጭ አገር ለብረት መጥበሻ ተብሎ የሚገዛው ውድ ዘይት ኩታበር ገበያ ላይ በጣሳ ከሚሰፈረው ተልባ የሚወጣው ዘይት ነው። እንክብካቤው ይከብዳል የሚለው ክርክር እዚህ አገር አይሠራም።

አሉሚኒየሙ ምን አደረገህ የሚለኝም አለ። ከፋብሪካ የወጣ ጥሩ አሉሚኒየም ሙቀት ቶሎ ያስተላልፋል፤ ለውሃ ማፍያ፣ ለንፍሮ፣ ለድግስ ሰታቴ የሚሻል ዕቃ የለም፣ ማገዶም ኩበትም ይቆጥባል። ብረት ድስት እስኪግል ያቆያል፤ ይህን አልክድም። የምቃወመው ከቁርጥራጭ የሚቀልጠውን ነው። የሞተር አካል፣ የመኪና ራዲያተር፣ ያረጀ ሽቦ፣ የተገኘው ሁሉ አንድ ላይ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ የሚፈስሰው ድስት በብዙ የአፍሪካና የእስያ ገበያዎች ይሸጣል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከካሜሩን፣ በ2017 ደግሞ ከአሥር አገሮች የተሰበሰቡ 42 እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን መርምረው፣ ከመካከላቸው ሲሶ ያህሉ እርሳስ የተባለውን መርዘኛ ማዕድን ወደ ምግቡ እንደሚለቁ አግኝተዋል። እርሳስ በልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት በስደተኛ ልጆች ደም ውስጥ የታየውን እርሳስ ተከትላ በ2024 እርሳስ ያለባቸውን የማብሰያ ዕቃዎች የሚከለክል ሕግ አወጣች። እንግዲህ በአንዱ ድስት ልጁ የሚያስፈልገው ብረት፣ በሌላው የማያስፈልገው እርሳስ ሊገባበት ይችላል፤ እኛ ደግሞ ሁለቱን በክብደታቸውና በብርሃናቸው እየለየን እንገዛለን።

የማያጣብቀው መጥበሻ ጉዳይ ለእኛ ወጥ ቤት ልዩ ነው፣ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። ሽፋኑ ቴፍሎን የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተገኘ ነገር ነው። ከ260 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፤ የሚሠሩት ኩባንያዎችም ባዶውን እሳት ላይ አትጣዱት፣ በብረት ማንኪያ አትጫሩት ይላሉ። የወጣችን መጀመሪያ ምንድን ነው? ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ በደረቁ፣ እስኪጠወልግና ቀይ እስኪሆን ማቁላላት ነው። ይህን በግንድ እሳት ላይ፣ ሙቀቱን ማስተካከያ በሌለበት ጉልቻ ላይ፣ በቀጭን የተሸፈነ መጥበሻ ማድረግ ዕቃው የተከለከለበትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማድረግ ነው። በሁለት ዓመት ሽፋኑ ይላጣል፣ የተላጠውም ወጡ ውስጥ ይገባል፣ መጥበሻውም ይጣላል። ወፍራም ብረት ግን ለደረቅ ቁሌት የተሠራ ይመስላል፤ ሙቀቱን ይዞ ሽንኩርቱን ቀስ ብሎ ያበስለዋል፣ ሲያማስሉት በእንጨትም በብረትም አይፈራም፣ እሳቱ ከወጣ በኋላም ወጡን ሲያንተከትክ ይቆያል። ልጅቷ ከሳዑዲ ስትመለስ ለእናቷ ማምጣቷን አከብራለሁ፤ ላቧን ነው የገዛችው። ግን በዚያው ገንዘብ ለእናቷ ዕድሜዋን ሙሉ የሚበቃ ዕቃ ማግኘት ትችል ነበር።

ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ገበያችን ላይ ጥሩ ብረት ድስት ለምን ጠፋ? አንዱ ምክንያት እኛ ራሳችን ነን። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ለዘመናት ቡዳ እያልን፣ ከእኛ ጋር እንዳይጋባ፣ መሬት እንዳይዝ፣ ከሰፈር ዳር እንዲቀመጥ አድርገናል። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላ ከእጁ እየተቀበልን እጁን አንጨብጥም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደረሱ፤ ነውሩ ግን በአዋጅ አልጠፋም፣ በወሎም ገጠር እስከ ዛሬ ጥላው አለ። ከኩታበር ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ተንታ ወረዳ ውስጥ፣ መቅደላ አምባ ላይ ሴባስቶፖል ተቀምጧል። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ያን መድፍ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አስቀልጠው፣ ገደሉን መንገድ እያስወጡ፣ በሰው ጉልበት አስጎትተው ያወጡት ነው። ለመድፍ ያን ያህል የደከመ አገር ለድስት አልደከመም። የሚያቀልጠውን፣ የሚያፈስሰውን፣ የሚቀርጸውን ሰው ብናከብርና ብናስተምር ኖሮ ብረት ድስት ዛሬ በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ከውጭ መጥቶ በውድ የሚሸጥ ዕቃ አይሆንም ነበር። አቃቂ ላይ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ብረት አቅልጦ የመኪናና የፋብሪካ መለዋወጫ የሚያፈስስ ፋብሪካ አለ። የጥርስ ማርሽ ማፍሰስ የቻለ ምድጃ ድስት ማፍሰስ አያቅተውም፤ ያጣው ጠያቂ ነው። ጠያቂ እንሁን ማለቴ ነው።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለውን እንምረጥ። ደሴ ገበያ ገብታችሁ «ብረት ድስት» ብትሉ በአብዛኛው የሚሰጣችሁ አሉሚኒየም ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። አሉሚኒየም ማግኔት አይስብም፣ ብረት ይስባል። ማግኔቱ ቢይዝም ወዲያው አትመኑ። የጣሪያ ቆርቆሮ ዓይነት ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ ዚንክ የተቀባ ነው፣ ለምግብ አይሆንም፣ በተለይ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ዚንኩ ይሟሟል። ከበርሜል የተቀጠቀጠ ምጣድ ከሆነ በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበር ባለሙያውን ጠይቁ፤ ኬሚካል የነበረበት ከሆነ ይቅርባችሁ፣ የማያውቀው ከሆነም ይቅርባችሁ። ጥቁሩ ቀለም ይሁን ቅባት ለማወቅ በጥፍር ፋቅ አድርጉት፤ እንደ ቅርፊት ከተላጠ ቀለም ነው።

ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ካገኛችሁ፣ የሸክላ ድስት ስትገዙ እንደምታደርጉት በጣት አንኳኩት። ጤነኛው ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ይታፈናል። የፈሰሰ ብረት እሳት አይፈራም፣ መውደቅ ግን ይሰብረዋል፤ ከእሳት እንደ ወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፉበትም ይሰነጠቃል። ውስጡ በእጅ ሲዳሰስ ለስላሳ፣ ግድግዳው ዙሪያውን እኩል ውፍረት ያለው፣ እጀታው ከአካሉ ጋር አብሮ የፈሰሰ ይሁን፤ በብሎን የታሰረ እጀታ በግንድ እሳት ላይ አይዘልቅም። የተቀጠቀጠው ከሳሳ ይጎብጣል፣ ስለዚህ ወፈር ያለውን ምረጡ። በኢናሜል የተለበጠው መልኩ ያምራል፣ አይዝግም፣ ኮምጣጣውን ሁሉ ይችላል፤ ግን ልባጡ ብረቱን ከምግቡ ስለሚለየው ለልጁ ደም የሚጨምረው የለም። ለጤና ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ያልተለበጠውን ግዙ።

ትልቁን አትግዙ። ወጥ ሞልቶበት ከጉልቻ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን የማታነሣው ድስት የማላዊን ዕጣ ያገኘዋል፣ በወሩ ጥግ ይቀመጣል። ሦስት ወይም አራት ሊትር የሚይዝ ጎድጓዳ ይበቃል፤ ለቁሌቱ፣ ለጎመኑ፣ ለልጆቹ ወጥና ለገንፎው። ድግሱን ለሰታቴው ተዉለት። አሟሹት፣ ከታጠበ በኋላ እሳት ላይ አድርቁት፣ በቅባት ጨርቅ አንድ ጊዜ አስሱት። ወጡ ውስጡ አይደር፤ ሲያድር ይጠቁራል፣ የብረት ጣዕም ያመጣል፣ «ወጤን አጠቆረብኝ» የሚለው ቅሬታም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ያጠቁራል፣ ኋላ ይተዋል።

ብረት በብዛትም ይጎዳል። በደቡብ አፍሪካ በብረት በርሜል ውስጥ የተጠመቀ የአገር ቢራ አዘውትረው በጠጡ ሰዎች ጉበት ላይ ብረት ተከማችቶ ከባድ ሕመም ማስከተሉ ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጠላም ጠጅም በብረት በርሜል አይጠመቅ፤ ለቀናት ኮምጥጦ የሚቀመጥ ነገር ለብረት ዕቃ አይሆንም። ከቤተሰብ በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም ያለበትም ሐኪሙን ይጠይቅ።

በውጭ ለሚኖሩት ወንድምና እኅቶቻችን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። በዋሽንግተን ዲሲና በሲያትል ሱቆች፣ በቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ድስትና መጥበሻ የሚያፈስሰው የሎጅ ፋብሪካ ዕቃ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል። ሻንጣችሁ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ለእናታችሁ የምትወስዱትን ሦስት የማያጣብቅ መጥበሻ ትታችሁ አንድ ብረት ውሰዱላት፤ ልጆቻችሁም እሷ ቤት ሲሄዱ የሚበሉበት ይሆናል።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት በኩታበርና በቦሩ ሜዳ በኩል ወደ ደሴ ሲያልፍ ብዙ ቤት ተዘርፎ፣ ብዙ ሰው ተፈናቅሎ፣ ወጥ ቤቱን ከባዶ እንደገና ጀምሯል። ለተፈናቃይ የሚታደለው የወጥ ቤት ዕቃ ምን ይሁን ብሎ የሚወስን ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያነብ፣ ከሚያድለው ድስት ቢያንስ አንዱ ያልተለበጠ ብረት እንዲሆን፣ ዕቃውም ሲሰጥ እንዴት እንደሚሟሽ አብሮ እንዲነገር እለምነዋለሁ። የሴቶች እቁብ ደርሷት ድስት ልትገዛ ለምትወጣዋ እናትም ማግኔቷን አደራ እላለሁ። በጥር ልጃችሁን የምትድሩ ደግሞ ከሙሽራዋ የድስት ስብስብ መካከል ሁለቱን ቀንሱና በዋጋቸው አንድ ጎድጓዳ ብረት ግዙላት፤ ቡፌው ውስጥ ሳይሆን ጉልቻው ላይ እንዲቀመጥ አስቀድማችሁ ንገሯት።